ማን ይክፈል? መቼስ ይክፈል? ስለ ፖስታ ክፍያና ስለ ሕዝብ ስልክ የወጡ የመጀመሪያ የመንግሥት ደንቦች

መግቢያ

ደብዳቤ ጽፎ፣ በላዩ ቴምብር ለጥፎ ወደ ፖስታ ሣጥን መክተት ማንኛውም ተማሪ በቀላሉ የሚረዳው ተግባር ነው። የላኪው ድርሻ ከፍሎ መላክ፣ የተቀባዩ ድርሻ ተቀብሎ ማንበብ መሆኑም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥርዐት ይመስላል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲመረመር ይህ ሥርዐት በብዙ ክርክርና በብዙ ስሌት የተገኘ፣ በመንግሥት ደንብ የተወለደ እንጂ በራሱ የመጣ አለመሆኑ ይታያል። «ማን ይክፈል? መቼስ ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። መልሱ ግን ድኻው ከዘመዱ ጋር እንዲገናኝ ወይም ተቈራርጦ እንዲቀር የሚወስን ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝ አገር በ1840 ከታወጀው የፖስታ ደንብ ተነሥቶ፣ ያው ጥያቄ በሕዝብ ስልክ ላይ እንዴት እንደገና እንደተነሣ መግለጽና የኢትዮጵያን የፖስታ ጅምር ከዚሁ ጋር አያይዞ ማሳየት ነው። «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የሌለባቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ከ1840 በፊት የነበረው ሥርዐት

በእንግሊዝ አገር እስከ 1839 መጨረሻ ድረስ ይሠራበት በነበረው ደንብ መሠረት የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በሁለት ነገሮች ነበር። አንደኛው ደብዳቤው የሚጓዝበት ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው የወረቀቱ ቅጠል ብዛት ነው። ሁለት ቅጠል ወረቀት የላከ ሰው የአንዱን እጥፍ ይከፈልበታል። ስለዚህም የፖስታ ቤት ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ደብዳቤ ወደ ሻማ ብርሃን አስጠግተው በውስጡ ስንት ቅጠል እንዳለ ይቈጥሩ ነበር። ሕዝቡም በበኩሉ ቅጠል ለመቈጠብ ሲል አንዱን ገጽ ከጻፈ በኋላ ወረቀቱን አዙሮ በጽሑፉ ላይ አግድም ይጽፍበት ነበር።

ዋጋው ከባድ ነበር። ከለንደን ወደ ኤዲንብራ የሚላክ ባለ አንድ ቅጠል ደብዳቤ 1 ሺሊንግ ከ1 ፔኒ ተኩል ይጠየቅበት ነበር። አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ በመሆኑ ይህ 13 ፔኒ ተኩል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሺሊንግ ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ ልጁ በሩቅ ከተማ ለሥራ የተቀጠረች እናት አንድ ደብዳቤ ለመቀበል ከሳምንቱ ገቢ ከዐሥር እጅ አንዱን የሚበልጥ ማውጣት ነበረባት።

ዋናው ነገር የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ተቀባዩ መሆኑ ነው። አስቀድሞ መክፈል አልተከለከለም፤ ነገር ግን የተለመደ አልነበረም። ፖስተኛው በየቤቱ በር ቆሞ ያንኳኳል፤ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ዋጋውን ይናገራል፤ መልስ ይሰጣል፤ ሒሳቡንም ይመዘግባል። ተቀባዩ አልከፍልም ያለ እንደ ሆነ ደብዳቤው ይመለሳል፤ መንግሥትም የመሄጃውንም የመመለሻውንም ድካም በከንቱ ይሸከማል።

ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ልዩ ልዩ ዘዴ ፈጠረ። ከቤት ርቆ የሚሄድ ሰው ከዘመዶቹ ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ በደብዳቤው ውጫዊ ገጽ ላይ ምልክት ያደርጋል። ተቀባዩም ምልክቱን በዐይኑ አይቶ ደኅንነቱን ከተረዳ በኋላ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ውስጡም ባዶ ወረቀት ይሆናል። ጋዜጣ ያለ ፖስታ ክፍያ ይጓዝ ስለ ነበር በጋዜጣው ፊደላት ሥር በመርፌ ነጥብ እየወጉ ቃል የሚያቀናብሩም ነበሩ። በሌላ በኩል የፓርላማ አባላትና ባለ ሥልጣኖች በፊርማቸው ብቻ ያለ ክፍያ የመላክ መብት ነበራቸው፤ ፊርማውም ለወዳጅ ዘመድ ይታደል ነበር። እንግዲህ መክፈል የሚችለው በነጻ ሲልክ፣ መክፈል የማይችለው ከፍተኛውን ዋጋ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

2. የመምህሩ ስሌት

ይህን ሥርዐት መርምሮ የለወጠው ሰው የፖስታ ቤት ባለሙያ አልነበረም። ሮውላንድ ሂል በ1795 የተወለደ፣ ገና በወጣትነቱ በአባቱ ትምህርት ቤት በበርሚንግሃም ማስተማር የጀመረ መምህር ነበር። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ሄዝልውድ የተባለውን፣ በኋላም በለንደን አጠገብ በብሩስ ካስል የነበረውን ትምህርት ቤት መርቷል። በ1837 ስለ ፖስታ ማሻሻያ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ።

የሂል አካሄድ ቀላል ሆኖ ጥልቅ ነበር። በመጀመሪያ የጠየቀው «የፖስታ ወጪ በእርግጥ የሚወጣው በየት ላይ ነው?» ብሎ ነው። አንድን ደብዳቤ ከለንደን ወደ ኤዲንብራ የማጓጓዝ ወጪ ሲሰላ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው። ታዲያ የቀረው 13 ፔኒ ምን ላይ ይውላል? ከፊሉ ለመንግሥት የሚገባ ግብር ሲሆን፣ የአገልግሎቱ ወጪ ዋና ክፍል ግን ደብዳቤውን በመተመን፣ በመመዝገብና ገንዘቡን በየደጁ በመሰብሰብ ላይ የሚጠፋ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ ስሌት ሦስት መደምደሚያዎች ተከተሉ። ርቀት በወጪው ላይ ያለው ድርሻ ኢምንት ከሆነ በርቀት መተመን ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ ዋጋው በአገሩ ሁሉ አንድ ይሁን። ቅጠል መቈጠር ጊዜ ከፈጀ በክብደት ይመዘን። ገንዘብ በየደጁ መሰብሰብ ዋናውን ወጪ ካስከተለ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል። ላኪው የከፈለበት ማስረጃ እንዲሆንም በጀርባው ሙጫ የተቀባ ትንሽ ወረቀት ሊዘጋጅ እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ቴምብር የምንለው ነገር ከዚህ ሐሳብ የተገኘ ነው።

የፖስታ ቤቱ ሹማምንት ሐሳቡን በጽኑ ተቃወሙት። በአንጻሩ ነጋዴዎችና የፓርላማ አባሉ ሮበርት ዋላስ ደገፉት። በዋላስ ሰብሳቢነት የተቋቋመ የፓርላማ ኮሚቴም ምስክር እያስቀረበ ጉዳዩን መረመረ፤ ለፓርላማውም ብዙ የድጋፍ አቤቱታ ጐረፈ።

3. ደንቡና አፈጻጸሙ

ሕጉ ነሐሴ 17 ቀን 1839 በንግሥት ቪክቶሪያ ጸደቀ። አፈጻጸሙም በደረጃ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያ ከታኅሣሥ 5 ቀን 1839 ጀምሮ የአንድ ወጥ ዋጋ 4 ፔኒ ሆነ። ሠራተኛው አዲሱን አሠራር ከተለማመደ በኋላ ከጥር 10 ቀን 1840 ጀምሮ ክብደቱ ከግማሽ አውንስ ያልበለጠ ደብዳቤ ሁሉ በአገሩ ውስጥ የትም ቢላክ 1 ፔኒ ብቻ እንዲከፈልበት ተወሰነ። ያለ ክፍያ የመላክ መብትም ተሻረ።

በዚህ ደንብ ውስጥ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው ስለ ቅድሚያ ክፍያ የተደነገገው ነው። መንግሥቱ ሳይከፈልበት የመጣውን ደብዳቤ አልቀበልም አላለም። ላኪው አስቀድሞ ከከፈለ 1 ፔኒ፣ ካልከፈለ ግን ተቀባዩ 2 ፔኒ እንዲከፍል አደረገ። ገንዘብ ያልያዘ ላኪ መንገድ አልተዘጋበትም፤ ሆኖም ሕዝቡ በዋጋው ልዩነት እየተሳበ ወደ አዲሱ ልማድ እንዲገባ ተደረገ። በትእዛዝ ሳይሆን በዋጋ ማስተማር ይሉታል።

ቴምብሩ ለሽያጭ የቀረበው ግንቦት 1 ቀን 1840 ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 6 ቀን ጀምሮ ነው። የንግሥቲቱ መልክ የታተመበት ጥቁሩ የአንድ ፔኒ ቴምብር በአንድ ትልቅ ገጽ ላይ 240 ሆኖ ይታተም ነበር። በእያንዳንዱ ረድፍ 12 ስለሆነ አንድ ረድፍ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ረድፍ ያለው ሙሉ ገጽ ደግሞ አንድ ፓውንድ ያወጣል። ሻጩም ገዢውም ያለ ችግር ይቈጥሩታል። በእያንዳንዱ ቴምብር ታችኛ ማእዘኖች ላይ የረድፉንና የቦታውን ተራ የሚያመለክቱ ፊደሎች ነበሩ፤ ይህም አስመስሎ መሥራትን ለማክበድ የታሰበ ነው።

አንድ ችግር ግን ሳይታሰብ ብቅ አለ። ቴምብሩ ያገለገለ መሆኑን ለማመልከት የሚመታበት ቀይ ማኅተም በጥቁር ላይ በደንብ የማይታይና ሊፋቅ የሚችል ሆኖ ተገኘ። አንድ ቴምብር ሁለት ጊዜ እንዳያገለግል ስለተሰጋም በ1841 የቴምብሩ ቀለም ወደ ቀይ፣ የማኅተሙ ቀለም ወደ ጥቁር ተለወጠ። መልካም የተባለ ደንብም ቢሆን በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ መታረም እንደሚያስፈልገው ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

4. ውጤቱና ያስነሣው ክርክር

በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው የደብዳቤ ብዛት በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ያህል ከፍ አለ። ይህ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ማደግ ነው። በገንዘብ ረገድ የታየው ግን ተቃራኒ ነበር። ከ1.6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የነበረው የፖስታ የተጣራ ገቢ በአንድ ጊዜ ወደ 500,000 ፓውንድ ያህል ወረደ። ሂል ደብዳቤው አምስት እጥፍ እንደሚሆን ገምቶ የነበረ ቢሆንም፣ ይህ እስኪፈጸም ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የተጣራው ገቢ ወደ ቀድሞው መጠን እስኪመለስ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ተቃዋሚዎች «አልነገርናችሁም ወይ?» አሉ፤ ሂልም በ1842 ከሥራው ተሰናበተ። ወደ ፖስታ ሥራ የተመለሰው በ1846 ሲሆን፣ ከ1854 እስከ 1864 የፖስታ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል።

እዚህ ላይ ለፕላን ባለሙያ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። አንድ ሥራ መሳካቱ የሚለካው በምን ነው? የግምጃ ቤቱን ሒሳብ ብቻ የተመለከተ ሰው የ1840 ደንብ ከሽፏል ሊል ይችል ነበር። የደብዳቤውን ብዛት የተመለከተ ግን ቀድሞ ድምፁ የማይሰማ ሕዝብ መጻፍ መጀመሩን ያያል።

ለመምህራንም የሚሆን ሌላ ጥያቄ ነበር። በ1841 በእንግሊዝና በዌልስ ከተጋቡት ወንዶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ ከሴቶቹም ግማሽ ያህሉ በጋብቻ መዝገብ ላይ ስማቸውን መጻፍ ባለመቻላቸው በምልክት ብቻ ፈርመዋል። ታዲያ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ርካሽ ፖስታ ምን ያደርግለታል? የማሻሻያው ደጋፊዎች መልስ መጻፍና ማንበብ የሚፈለገው ጥቅም ላይ የሚውልበት ነገር ሲኖር ነው የሚል ነበር። የሚጽፍለት ዘመድ የሌለው፣ ቢኖረውም መክፈል የማይችል ሰው ፊደል የሚቈጥርበት ምክንያት ያንሰዋል። የትምህርት ቤቶች መስፋፋት የራሱ ታሪክ ያለው በመሆኑ ለንባብ እድገት ፖስታን ብቻ ማመስገን አይገባም። ነገር ግን የተማረው ሰው ትምህርቱን የሚሠራበት መስክ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

5. ስልክ በሕግ ፊት

አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1876 ስለ ስልክ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ በ1879 በለንደን የስልክ ማእከል ተከፈተ። ሥራውን የጀመሩት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። መንግሥት ግን ከ1870 ጀምሮ ቴሌግራፍን በእጁ አድርጎ ስለነበር ስልክ ገቢውን እንዳይሻማበት ሰጋ። ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። በታኅሣሥ 1880 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስልክ በሕግ ፊት እንደ ቴሌግራፍ የሚቈጠር ነው ብሎ ፈረደ። ቴሌግራፍን ለመንግሥት የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ1869፣ ማለት ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ሲሆን፣ ፍርዱ አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው ሕግ ውስጥ አገባው። ከዚያ ወዲያ ኩባንያዎቹ ፈቃድ እያወጡ ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር ለመንግሥት እንዲከፍሉ ተደረገ።

በዚያን ጊዜ ጠቅላይ የፖስታ ሹም የነበረው ሄንሪ ፎሴት የኢኮኖሚ ትምህርት ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በ25 ዓመቱ በአደን ላይ በደረሰበት አደጋ ሁለት ዐይኑን ያጣ ሰው ነበር። በፎሴት ዘመን ሕፃናትና ድኾች የአንድ ፔኒ ቴምብር እየገዙ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ በመለጠፍ አንድ ሺሊንግ ሲሞላላቸው በፖስታ ቤት የቁጠባ ሒሳብ የሚያስገቡበት ደንብ ወጣ። የቅድሚያ ክፍያ ማስረጃ የነበረው ቴምብር እንዲህ የቁጠባ ማስተማሪያም ሆነ። በ1884 ደግሞ የስልክ ፈቃዱ ሲሻሻል ኩባንያዎች የሕዝብ ስልክ ቢሮ እንዲከፍቱ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ስልክ የዓመት ክፍያ መክፈል የሚችል ደንበኛ ብቻ የሚጠቀምበት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደንበኛ ያልሆነ መንገደኛ በሱቅ ወይም በባቡር ጣቢያ ለጠባቂው ከፍሎ መነጋገር ቻለ።

6. ሳንቲም፣ ቊልፍና የመንደር ስልክ

ጠባቂ ማቆም ወጪ አለው። ይህ ሂል በፖስታ ላይ ያየው ችግር ነው፤ ገንዘቡን መሰብሰብ ከአገልግሎቱ ይልቅ ይከብዳል። በአሜሪካ ዊልያም ግሬይ በ1889 በሃርትፎርድ ከተማ ሳንቲም የሚቀበል ስልክ ሲያቆም መሣሪያው ራሱ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆነ። ይሁን እንጂ ስልክ ከደብዳቤ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ደብዳቤ ተቀባዩ ቤት ባይኖርም ይደርሳል፤ በስልክ ግን ማዶ ያለው ሰው ካላነሣ ምንም አገልግሎት አልተሰጠም። ስለዚህ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ እንዴት ይመለስ?

በእንግሊዝ አገር ከ1925 ጀምሮ የገባው ባለ ሁለት ቊልፍ ሣጥን ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ደዋዩ ሳንቲሙን ከትቶ ይደውላል። ማዶ ያለው ሰው ሲያነሣ ድምፁ ለደዋዩ ይሰማል፤ የደዋዩ ድምፅ ግን አይተላለፍም። «ሀ» የሚለውን ቊልፍ ሲጫን ሳንቲሙ ወደ ካዝናው ይወርድና መነጋገር ይቻላል። የሚያነሣ ከሌለ «ለ» የሚለውን ቊልፍ ሲጫን ገንዘቡ ተመልሶ ይወጣል። መንግሥት ገንዘቡን አስቀድሞ ይይዛል፤ ነገር ግን አገልግሎቱን ሳይሰጥ አይወስደውም።

የግል ኩባንያው የስልክ መረብ ከ1912 መባቻ ጀምሮ ወደ ፖስታ ቤት ከተዛወረ በኋላ የስልክ ኪዮስክ በአገሩ ሁሉ አንድ ዐይነት እንዲሆን ተጣረ። በ1921 ከሲሚንቶ የተሠራው፣ በ1926 ደግሞ አርክቴክት ጃይልስ ጊልበርት ስኮት የነደፈው ቀይ ኪዮስክ ታየ። ነገር ግን ኪዮስክ የሚቆመው ገበያ ባለበት ስለነበር ገቢው ወጪውን በማይሸፍንበት ገጠር ስልክ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በ1935 የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ፖስታ ቤት ባለበት መንደር ሁሉ፣ ገቢው ምንም ያህል ይሁን፣ ኪዮስክ እንዲቆም ተወሰነ። የ1840ው የአንድ ወጥ ዋጋ ሐሳብ እዚህ ላይ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ የከተማው ትርፍ የገጠሩን ጒድለት ይሸፍን ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በለንደን በአንድ ቤት ላይ በተነሣ እሳት አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት በስልክ ለማስታወቅ ሲሞክር የማእከሉ መልስ ዘግይቶበት ነበር። ጉዳዩ ተጣርቶ ከሰኔ 30 ቀን 1937 ጀምሮ 999 የተባለው የአደጋ ጊዜ ቊጥር በለንደን ሥራ ጀመረ። ከሕዝብ ስልክ ሲደወልም ሳንቲም አይጠየቅበትም። ሕይወት በምታስጨንቅበት ሰዓት «መቼ ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «አይክፈል» ሆነ።

7. የኢትዮጵያ ጅምር

በ1874 በስዊስ ከተማ በበርን 22 አገሮች ተሰብስበው የተፈራረሙት ውል ከጊዜ በኋላ የዓለም ፖስታ ኅብረት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከአገር ወደ አገር ለሚላክ ደብዳቤ በመነሻው የተከፈለበት ቴምብር እስከ መድረሻው እንዲያገለግል ያደረገው ይህ ውል ነው።

በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም የወሰኑት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ስዊሳዊው አማካሪያቸው አልፍሬድ ኢልግ ይረዳቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። የሩብ፣ የግማሽ፣ የ1 እና የ2 ግርሽ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽ ቴምብሮች ደግሞ የይሁዳ አንበሳን ሥዕል የያዙ ነበሩ። በ1887 ዓ.ም. አገልግሎት ላይ ዋሉ። ቀድሞ መልእክት በታመነ መልእክተኛ እጅ ይደርስ የነበረ በመሆኑ፣ ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ ለማያውቀው ሠራተኛ ደብዳቤ መስጠቱ አዲስ ነገር ነበር።

ኢትዮጵያ ገና የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከወሰኗ ውጭ አይታወቅም ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚጻፍ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ወገን ቴምብርም ይለጠፍበት ስለነበር ላኪው ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። በቴምብሮቹ ላይም በ1901 የአገሩ ስም በፈረንሳይኛ፣ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» የሚል ቃል በአማርኛ ተጨምሮ ታተመባቸው። አገሪቱ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን የሁለት ጊዜ ክፍያ ዘመን አበቃ። በአዲስ አበባ የተገዛ ቴምብር በሌላው ዓለም የታመነ ሆነ። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጻ አገርነት ማስረጃም ነበር።

ስልክም በዚያው ዘመን ገብቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ መስመር ተዘረጋ። ፖስታና ስልክ ለብዙ ጊዜ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ሲተዳደሩ ቈይተው፣ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ራሱን በቻለ ቦርድ እንዲመራ ተደረገ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው አስቀድሞ መክፈል ሥራን ያቀላል፤ ዋጋንም ያረክሳል። ነገር ግን አስቀድሞ የሚከፍለው የሌለውን ሰው ከውጭ የሚያስቀር በር እንዳይሆን ደንቡ ሌላ መንገድ ሊተውለት ይገባል። የ1840 ደንብ በእጥፍ ክፍያ፣ የ1925 ሣጥን በመመለሻ ቊልፍ፣ የ1937 ቊጥር በነጻ አገልግሎት ያንን መንገድ ትተዋል።

የሕዝብ ስልክ ኪዮስክ በሞባይል ስልክ ዘመን አብዛኛው ፈርሷል። በብሪታንያ እንኳ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ደንብ የአደጋ ብዛት ባለባቸውና የሞባይል መረብ በማይደርስባቸው ሥፍራዎች ያሉ 5,000 ያህል ኪዮስኮች እንዳይዘጉ ለመጠበቅ ተገዷል። ጥያቄው ግን ከኪዮስኩ ጋር አልፈረሰም። ዛሬ በቅድሚያ የተከፈለ ሒሳቡ ያለቀበት ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ደውሎ ሳይነሣ ያቋርጣል፤ ቤተሰቡም ምልክቱን ተረድቶ መልሶ ይደውላል። ይህ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በደብዳቤ ጀርባ ላይ ምልክት ያደርግ የነበረው መንገደኛ ዘዴ ነው። መምህሩ ይህን ሁለት ምሳሌ ጐን ለጐን አቅርቦ «የሚከፍለው ማን ነው? መክፈል ያልቻለስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪዎቹ ታሪክን ከራሳቸው ኑሮ ያገኙታል። የፕላን ባለሙያውም ተመን ከማውጣቱ በፊት ሕዝቡ ዋጋውን ለማምለጥ የሚፈጥረውን ዘዴ ቢመለከት መልካም ነው፤ ተመኑ ከሕዝቡ አቅም በላይ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው እርሱ ነውና።